ለባተሌ ሰው የረጋ ጠዋት፤ ደረጃ በደረጃ

ስለ ጠዋት ልማድ በየመጽሐፉና በየቪዲዮው የሚሰጠው ምክር አብዛኛው የእኛን ጠዋት አያውቀውም። «ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሡ» ይላል። ጀሞ ወይም አያት ኮንዶሚኒየም እየኖረ፣ ልጆቹን ትምህርት ቤት አድርሶ 2፡30 ላይ ፒያሳ ቢሮው መገኘት ያለበት ሰው ግን ማንም ሳይመክረው በ11 ሰዓት ተኩል ተነሥቷል። «አንድ ሰዓት ስፖርት፣ ከዚያ ንባብ፣ ከዚያ ማስታወሻ መጻፍ» ይላል። ሰውየው ይህን ሁሉ ሲያደርግ ቁርሱን ማን እንደሚሠራ፣ ልጁን ማን እንደሚያለብስ ግን ትንፍሽ አይልም።

እዚህ የቀረበው አካሄድ ጠዋታችሁ ላይ ከሚጨምረው የሚቀንሰው ይበዛል። የሚሠራውን፣ የሚፈለገውንና የሚወሰነውን ነገር ከጠዋት እያነሣን ወደ ማታ እናዛውራለን፤ በተለቀቀው ቦታ የራሳችሁ የሆነ 10 ደቂቃ እናስገባለን። ከዚያ በላይ ተስፋ አልሰጥም። ሁሉንም በአንድ ሳምንት ለመጀመርም አትሞክሩ። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ደረጃዎች ሳትይዙ ወደ ሌላው ብትሄዱ ልፋቱ ከንቱ ነው።

1. ከበሩ ወደ ኋላ ቁጠሩ

ሰው የመነሻ ሰዓቱን ሲወስን ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከምኞቱ ነው። እናንተ ከበሩ ጀምሩ። ከቤት መውጣት ያለባችሁ 1 ሰዓት ላይ ነው እንበል። ልጆቹ እስኪለብሱና እስኪበሉ 50 ደቂቃ ይፈጃሉ፤ ስለዚህ 12፡10 ላይ ይነሣሉ። ለራሳችሁ መታጠቢያና መልበሻ 20 ደቂቃ፣ ከማንም ጋር ለማትካፈሉት ጸጥታ 10 ደቂቃ ስጡ። መነሻችሁ 11፡40 ሆነ። አሁን 7 ሰዓት ወደ ኋላ መልሱ፤ ለአዋቂ ሰው የሚመከረው እንቅልፍ ቢያንስ ይህን ያህል ነው። ከምሽቱ 4፡40 ላይ እንቅልፍ ሊወስዳችሁ ይገባል ማለት ነው።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያፈገፍጋል። ተከታታይ ድራማው አለ፣ ስልኩ አለ፣ የማታ ቡናው አለ። ስለ ቡናው አንድ ነገር ልበል። ወደ ሰውነታችን የገባው ካፌይን ግማሹ እስኪወጣ በአማካይ 5 ሰዓት ያህል ይፈጃል። ከሥራ መልስ 11 ሰዓት ላይ ከጎረቤት ጋር የጠጣችሁት ቡና 4 ሰዓት ላይ ልትተኙ ስትሉ ግማሹ ገና ሥራ ላይ ነው። ባህላችን ደግሞ በረካውን ሳይጠጡ መነሣትን አይወድም። መፍትሔው ከጎረቤት መቅረት አይደለም፤ የቡናውን ሰዓት በስምምነት ቀደም ማድረግ፣ ወይም ሙሉውን ሥርዓት ለቅዳሜና እሁድ ከሰዓት ማቆየት ነው። የሥራ ቀን ጠዋት ለአንድ ሲኒ እንጂ ለአቦል፣ ቶናና በረካ ጊዜ የለውም።

የእሁዱ መነሻ ከሌላው ቀን ቢበዛ በአንድ ሰዓት ይራቅ። እሁድ እስከ 4 ሰዓት ተኝቶ የዋለ ሰው ማታውን እንቅልፍ አይወስደውም፤ ሰኞን በግራ ጎኑ ይነሣል።

2. የጠዋቱን ሥራ ማታ ጨርሱ

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ከእንቅልፍ ስንነሣ አንጎላችን ወዲያው ሙሉ በሙሉ አይነቃም፤ ብዙ ጊዜ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ የሚቆይ፣ አንዳንዴም ከዚያ የሚረዝም ድንዛዜ አለ። በዚያ ሰዓት የማስታወስና የመወሰን አቅማችን ዝቅተኛ ነው። «ቁልፉ የት ነው? የካልሲው ሌላው ወዴት ሄደ? ምን ልልበስ?» የሚሉት ጥያቄዎች ጠዋት ላይ የሚያስቆጡን ከባድ ስለሆኑ አይደለም። ቀን ላይ ብንጠየቃቸው በአንድ ደቂቃ የምንመልሳቸው ናቸው።

ስለዚህ ከራት በኋላ 20 ደቂቃ መድቡ። ልብሱ ማታ ይተኮስ፤ ካውያ ለጠዋት የሚተው ሥራ አይደለም፤ መብራት ከሄደ ሸሚዙ እንደተጨማደደ ነው። የልጁ ዩኒፎርም ወንበር ላይ፣ ካልሲው ጫማው ውስጥ ይደር። ደብተሩ በነገው የትምህርት ፕሮግራም ይሰደርና ቦርሳው ተዘግቶ በር አጠገብ ይቀመጥ። ምሳ ዕቃው ታጥቦ ይገልበጥ፤ ትናንት የተረፈ ወጥ የደረቀበትን ምሳ ዕቃ ጠዋት በቀዝቃዛ ውሃ እንደመፈግፈግ የሚያበሳጭ ሥራ የለም። ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር ከሆናችሁ ሞልቶ የተከደነ ባልዲ መታጠቢያ ቤት ይደር። ፔርሙዙንም በፈላ ውሃ ሞልታችሁ ዝጉት። ደህና ፔርሙዝ ከሆነ ለፊት መታጠቢያ የሚበቃ፣ ለሻይ ቢጣድም ቶሎ የሚፈላ ውሃ ይዞ ያድራል።

በር አጠገብ አንድ ሰሃን አስቀምጡ። ቁልፍ፣ የመሥሪያ ቤት መታወቂያና ለታክሲ የሚሆን ዝርዝር ብር ከዚያ ሰሃን ውጭ አይደሩ። ዝርዝሩን አትናቁት፤ በማለዳ ባለ 200 ብር ኖት አውጥቶ ከረዳት ጋር በመልስ የተጨቃጨቀ ሰው፣ ቤቱ ውስጥ ያጠራቀመውን እርጋታ ሁሉ እዚያው ታክሲ ውስጥ ጥሎት ይወርዳል።

ከመተኛታችሁ በፊት የመጨረሻዋ ሥራ ወረቀትና እስክርቢቶ ትፈልጋለች። የነገን ሥራ ጻፉ፤ ለማን መደወል አለብኝ፣ ምን መክፈል አለብኝ፣ ምን መጨረስ አለብኝ። በአሜሪካ ቤይለር ዩኒቨርሲቲ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ከመኝታ በፊት 5 ደቂቃ የነገ ሥራቸውን ዝርዝር የጻፉ ሰዎች የሠሩትን ሥራ ከጻፉት ሰዎች ይልቅ ቶሎ እንቅልፍ ወስዷቸዋል። ወረቀቱ ላይ የሰፈረ ነገር አልጋ ላይ ተገላብጦ የሚያስብለት ሰው አይፈልግም። ስልክ ላይ ግን አትጻፉት። ለምን እንደሆነ ቀጥሎ አለ።

3. ስልኩ ሳሎን ይደር

አንድ የተለመደ ጠዋት እንይ። አላርሙ ይጮሃል። እጅ ከትራስ ሥር ስልኩን ፈልጎ ያገኛል፤ አላርሙ ይጠፋል፤ ስክሪኑ ግን አይጠፋም። አለቃ ሌሊት 6 ሰዓት ላይ የመሥሪያ ቤቱ ቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ የለቀቀው መልእክት አለ። ከሥሩ ደግሞ አንድ የሥራ ባልደረባ የሰጠው የሚያናድድ መልስ። ቀጥሎ ፌስቡክ፣ ቀጥሎ የሆነ ቦታ የደረሰ አደጋ፣ ቀጥሎ የማይታወቅ ሰው ሠርግ ላይ ሲጨፍር የሚያሳይ ቲክቶክ። ሰውየው ብርድ ልብሱን ገና አልገለጠም፤ እግሩ ወለል አልነካም፤ ግን በሐሳቡ ከአለቃው ጋር ተጣልቶ ጨርሷል። ሩብ ሰዓቱም ሄዷል።

ከዚህ ጽሑፍ አንድ ደረጃ ብቻ ይመረጥ ብባል ይህንን እመርጣለሁ። ስልኩ ቻርጅ የሚደረገው ሳሎን ወይም ወጥ ቤት ነው፤ ከአልጋ እጅ ዘርግታችሁ የማትደርሱበት ቦታ። ለመነሻ ከመርካቶ ወይም ከሰፈራችሁ ሱቅ በባትሪ የሚሠራ ትንሽ የጠረጴዛ ሰዓት ግዙ። ሰዓቱንም ከአልጋው ራቅ አድርጉት፤ ለማጥፋት መነሣት ግድ ይሁን። አይፎን ላይ አላርሙን ለአፍታ ዝም ስታሰኙት፣ ካልቀየራችሁት በቀር፣ ከ9 ደቂቃ በኋላ እንደገና ይጮሃል። በዚያች 9 ደቂቃ የምትገኝ እንቅልፍ ዕረፍት አትሰጥም፤ ያንኑ ድንዛዜ ታራዝመዋለች። ከ11፡20 ጀምሮ ሦስት ጊዜ ከመቀስቀስ እስከ 11፡40 ሳይቆራረጥ መተኛት ይሻላል።

«ሌሊት ቢደወልልኝስ?» የሚል ጥያቄ ይነሣል፤ ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ክፍለ ሀገር የታመመ ወላጅ ያለው፣ አሜሪካ እኅት ያለችው ሰው ስልክ ዘግቶ መተኛት አይችልም፤ ዋሽንግተን ምሽት ሲሆን እዚህ ሌሊት ነው። የጥሪውን ድምፅ ከፍ አድርጉ፣ የመልእክቱን ድምፅ አጥፉ፣ በሩን ገርበብ አድርጉ። አስቸኳይ ጉዳይ ያለው ሰው ይደውላል እንጂ ቴሌግራም ላይ አይጽፍም።

ስልኩ መቼ ይከፈታል? ቀላል ሕግ አለ፤ ጫማ ከተደረገ በኋላ። ያኔ ከበሩ ልትወጡ ነው፤ አልጋ ላይ ሩብ ሰዓት የሚበላው ነገር እዚያ ቆማችሁ ሁለት ደቂቃ ብቻ ይወስዳል።

4. ከአልጋ ወርዳችሁ ወዲያው

እዚህ ብዙ የሚባል የለም። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ፣ እግራችሁን መሬት አስነኩ፣ ጋቢ ወይም ሹራብ ጣል አድርጉ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በጥቅምትና በኅዳር ውርጭ ከብርድ ልብስ ውስጥ መውጣት ራሱ ጀግንነት ነው። ጋቢው ማታ አልጋው ግርጌ ካልተቀመጠ ተመልሳችሁ ትገባላችሁ። አንድ ብርጭቆ ውሃ ጠጡ፤ ፊታችሁን ታጠቡ።

የልማዱ ብልሃት አንዱን ሥራ ከሌላው ጋር ማሰር ነው። ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ፒተር ጎልቪትዘር ለብዙ ዓመታት ያጠናው ይህንኑ ነው፤ «ከእንግዲህ ተረጋግቼ እጸልያለሁ» ከሚል ሰው ይልቅ «ፊቴን ታጥቤ ፎጣውን ስሰቅል ወንበሩ ላይ እቀመጣለሁ» ብሎ ጊዜና ቦታ የቆረጠ ሰው ሐሳቡን በተግባር ያውላል።

5. የራሳችሁ 10 ደቂቃ

በብዙ ቤት ይህ ጊዜ ድሮም ስም አለው። ለሙስሊሙ ሱብሂ ከተሰገደ በኋላ ያለው ጊዜ ነው። እዚያ የሚያስቸግረው መነሣቱ አይደለም፤ ሰግዶ ተመልሶ መተኛቱ ወይም ከመስገጃው ቀጥታ ወደ ስልክ መሄዱ ነው። መስገጃው ላይ ለዚክር ትንሽ መቆየት ይበቃል። ለኦርቶዶክሱ የዘወትር ጸሎትና ውዳሴ ማርያም አለ፤ ቤተ ክርስቲያን የሚቀርበው ኪዳን አድርሶ ወደ ሥራው ይሄዳል። ፕሮቴስታንቱ የጥሞና ጊዜ የሚለው ይኸንኑ ነው። እንዲህ ያለ ልማድ ያላችሁ ሰዎች ከውጭ የመጣ የማሰላሰያ መተግበሪያ ፍለጋ ገንዘብ አታውጡ፤ ያላችሁን ከጥድፊያ አድኑት። አፍ እየጸለየ ዓይን የግድግዳ ሰዓት የሚያይ ከሆነ፣ አጠር ያለውን መርጦ በእርጋታ ማድረስ ይሻላል ባይ ነኝ። የንስሐ አባታችሁ ሌላ ቢሏችሁ ግን እሳቸውን ስሙ።

ጸሎት የማታዘወትሩ፣ ወይም ከጸሎት በፊት ሐሳባችሁን ሰብሰብ ማድረግ የምትፈልጉ ይህን ሞክሩ። ወንበር ላይ ቀጥ ብላችሁ ተቀመጡ፤ ሁለቱም እግሮች መሬት ይንኩ፣ እጆች ጭን ላይ ይረፉ። በአፍንጫችሁ 4 እስክትቆጥሩ አየር አስገቡ፤ ሆድ ይነፋ እንጂ ትከሻ አይነሣ። ከዚያ 6 እስክትቆጥሩ ቀስ ብላችሁ አስወጡ። አንዱ ዙር 10 ሰከንድ ነው፤ በደቂቃ 6 ጊዜ መሆኑ ነው። አየር ስናስወጣ የልብ ምት ዝግ ይላል፤ ማስወጣቱ ከማስገባቱ እንዲረዝም የተደረገው ለዚህ ነው። 3 ደቂቃ ለመጀመሪያ ይበቃል። ካዞራችሁ ብዙ አየር እየሳባችሁ ነውና አቁማችሁ እንደ ወትሮው ተንፍሱ። ሐሳብ መምጣቱ አይቀርም፤ የቤት ኪራዩ፣ የትምህርት ቤት ክፍያው፣ ትናንት ሳይቋጭ ያደረው ጭቅጭቅ ይመጣል። ሲመጣ አትጣሉት፤ ቁጥሩን ካቆማችሁበት ቀጥሉ።

የት ነው የሚቀመጡት? አራት ሰው በአንድ ክፍል በሚያድርበት ቤት ጸጥ ያለ ጥግ በቀላሉ አይገኝም። በረንዳ፣ የኮንዶሚኒየሙ ደረጃ፣ ደጃፍ ላይ ያለች ዱካ ሁሉ ይሆናል። ጋቢውን ተከናንቦ ደረጃ ላይ የተቀመጠን ሰው ጎረቤት መጀመሪያ «ምን ሆንክ?» ይለዋል፤ ሲውል ሲያድር «እንዴት አደርክ» ብሎ ማለፍ ይለምዳል። ቦታው ግን አይለዋወጥ። ሰውነት ቦታን ከሥራ ጋር ያያይዛል፤ አልጋ ላይ የተጀመረ ጸጥታ በእንቅልፍ ያልቃል።

6. ፀሐይ ሙቁ

አያቶቻችን ጠዋት ደጃፍ ላይ ፀሐይ ሲሞቁ የሚያሞቁት ጀርባቸውን ብቻ አልነበረም። ሰውነታችን የቀንና የሌሊት ሰዓቱን የሚያስተካክለው በዋናነት በዓይን በኩል በሚገባ ብርሃን ነው። ይህ ውስጣዊ ሰዓት በሴል ውስጥ እንዴት እንደሚሠራ ያሳዩት ሦስት አሜሪካውያን፣ ጄፍሪ ሆል፣ ማይክል ሮዝባሽና ማይክል ያንግ፣ እ.ኤ.አ. በ2017 የሕክምና ኖቤል ሽልማት ተሸልመውበታል። የጠዋት ብርሃን ያገኘ ሰው ማታ በጊዜ እንቅልፉ ይመጣል፤ ነገሩ ወደ አንደኛው ደረጃ ይመልሰናል። ቤት ውስጥ የሚበራ አምፖል ደግሞ ይህን ሥራ አይሠራም፤ ደመናማ ጠዋት እንኳ ቢሆን ደጅ ያለው ብርሃን ከአምፖሉ ብዙ እጥፍ ነው።

እኛ ለምድር ወገብ ቅርብ በመሆናችን ዕድለኞች ነን። አዲስ አበባ ላይ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ የምትወጣው ከ12 እስከ 1 ሰዓት ባለው ውስጥ ነው፤ በክረምትና በበጋ የመነሻ ሰዓት መቀያየር አያስፈልግም። ወደ ታክሲ የምትሄዱባት 10 ደቂቃ ራሷ ትበቃለች፤ በመስኮት ሳይሆን በደጅ እስከሆነ ድረስ። ስቶክሆልም ወይም ኦስሎ ለሚኖር ወገን ይህ አይሠራም። እዚያ በታኅሣሥ ፀሐይ የምትወጣው በፈረንጅ አቆጣጠር ከ8 ሰዓት ተኩል በኋላ ስለሆነ፣ ብዙ ሰው ለዚሁ የተሠራ ደማቅ መብራት ፊት ተቀምጦ ቁርሱን ይበላል።

ለሩጫ መስቀል አደባባይ ድረስ የሚሄዱትን አደንቃለሁ። ለባተሌ ሰው ግን አንድ ፌርማታ በእግር መሄድ በቂ ስፖርት ነው።

7. ቁርስ የማይታሰብበት ይሁን

ለሳምንቱ ቁርስ ተራ አውጡለት። ሰኞና ማክሰኞ ፍርፍር፣ ረቡዕና ዓርብ የጾም ነገር፣ ሐሙስ እንቁላል። በየቀኑ «ምን ይሠራ?» ከማለት ይገላግላችኋል።

ጊዜ ለሌለው ቀን ከበሶ የሚበልጥ ነገር አላውቅም። ክዳኑ የሚጠብቅ ዕቃ ወይም ጠርሙስ ውስጥ ሁለት ሦስት ማንኪያ በሶ አድርጉ፤ ቁንጥር ጨው፣ ለወደደ ስኳር ወይም ማር ጨምሩ። መጀመሪያ ትንሽ ውሃ ብቻ አድርጋችሁ በማንኪያ በደንብ አሹት፤ በአንዴ ብዙ ውሃ ከፈሰሰበት ይጓጉላል። ለስላሳ ሲሆን የቀረውን ውሃ ሙሉበት፣ ክደኑትና በደንብ ናጡት። ገብሱ ቀድሞውኑ የተቆላ ስለሆነ እሳት አይፈልግም፤ መብራት ሄደ አልሄደ ግድ የለውም። በእጅ የሚያዝ የሚፈልግ ጭብጦ ያድርገው።

ቂንጬ ከወደዳችሁ ማታ ቀቅሉት። በአዲስ አበባ ከፍታ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ላይ ነው፤ ስለዚህ ቂንጬውም የተቀቀለ እንቁላሉም ቆላ ላይ ከሚፈጀው ጊዜ በላይ ይቆያል። ይህን የሚጠብቅ ጠዋት የለንም። ጠዋት ቅቤ ወይም ዘይት ጠብ አድርጎ ማሞቅ ብቻ ይበቃል።

8. ጠዋቱን የተሸከመው ማን ነው?

በብዙ ቤት የአንዱ የረጋ ጠዋት የሌላው ጥድፊያ ነው። አባት ሻዩን ይዞ ዜና ሲሰማ እናት በአንድ እጇ ፍርፍሩን ታማስላለች፣ በሌላው የልጅቷን ፀጉር ትይዛለች፣ በአፏ ወንዱን ልጅ «ጫማህን!» ትላለች። እሷን «10 ደቂቃ ለራስሽ ውሰጂ» ማለት ቀልድ ነው። መጀመሪያ ከላይዋ ላይ የሚነሣላት ነገር ይኑር።

እሁድ ከሰዓት ባልና ሚስት ቁጭ ብላችሁ የጠዋቱን ሥራ ሁሉ አንድ ወረቀት ላይ ዘርዝሩ። ማን ይቀሰቅሳል፣ ማን ያለብሳል፣ ማን ምሳ ዕቃ ይሞላል፣ ማን እስከ ሰርቪሱ ያደርሳል። ከእያንዳንዱ ሥራ ጎን ስም ጻፉ። አንድ ስም ብቻ ከተደጋገመ ጭቅጭቅ አያስፈልግም፤ ወረቀቱ ተናግሯል። እሷ ከ11፡40 እስከ 11፡50 ደጃፍ ላይ ስትቀመጥ የነቃ ሕፃን ካለ የእሱ ነው። የእሱ 10 ደቂቃ ደግሞ ከእሷ ቀጥሎ ይሁን። የቤት ሠራተኛ ካለችም እሷም ጠዋት እንዳላት አትርሱ፤ ማታ የተዘጋጀ ነገር የእሷንም እንቅልፍ ያስረዝማል።

ልጆች ብዙ መርዳት ይችላሉ። የ8 ዓመት ልጅ የነገ ደብተሩን ራሱ ይሰድራል። ስትቀሰቅሷቸው መጋረጃውን ግለጡ፣ በስማቸው ጥሩ፣ ከ5 ደቂቃ በኋላ ተመለሱ። ቅደም ተከተሉ በየቀኑ አንድ ይሁን፤ ፊት፣ ልብስ፣ ቁርስ፣ ጫማ። ከተለመደ በኋላ «ቶሎ በል፣ ቶሎ በል» የሚለው ጩኸት ይቀንሳል፤ ጩኸቱ እንደሆነ ማንንም ሲያፈጥን አልታየም። ቴሌቪዥን ጠዋት አይከፈትም። ካርቱን ፊት የተቀመጠ ልጅ ጉርሻው አፉ ውስጥ ይረሳል።

9. ሰልፉና ታክሲው

የታክሲ ሰልፍ በእናንተ እጅ አይደለም፤ ረዘመ ብሎ መብሰልሰል ሰልፉን አያሳጥረውም። ሰልፉ ላይ የምትቆሙበትን ጊዜ ከመጀመሪያው ስሌት ውስጥ አስገቡት። ሳምንቱን ሙሉ 25 ደቂቃ የሚፈጅ ሰልፍ ሐሙስ በ10 ደቂቃ ያልቃል ብሎ ማሰብ ሐሙስን ማበላሸት ነው። ታክሲ ውስጥ ከገባችሁ በኋላ የመጀመሪያዎቹን ፌርማታዎች መስኮት እያያችሁ ሂዱ። ሬዲዮውን የሚመርጠው ሾፌሩ ስለሆነ ጸጥታ ይኖራል አልልም።

10. የተበላሸ ጠዋት

ውሃ ሌሊት 8 ሰዓት መጥቶ ጀሪካን ስትሞሉ ያደራችሁበት፣ ልጅ ሲያተኩሰው ያደረበት፣ ለቅሶ የተደረሰበት ቀን አለ። ለእንዲህ ያለው ቀን አጭሩን ያዙ፤ አንድ ብርጭቆ ውሃ፣ ሦስት ረጅም እስትንፋስ፣ ስልክ ከጫማ በኋላ። ሁለት ደቂቃ አይሞላም፤ ልማዱ ግን አልተቋረጠም።

ሌሊት የሚሠራ ነርስ፣ ጥበቃ ወይም አሜሪካ ውስጥ ሌሊቱን ታክሲ ሲነዳ የሚያድር ሰው ጠዋቱ የሚጀምረው ሲነሣ ነው፤ ከቀኑ 9 ሰዓት ቢሆንም ደረጃዎቹ ያው ናቸው። ዱባይ ወይም ሪያድ በሰው ቤት የምትሠራ እኅት ጠዋቱ የእሷ ካልሆነ፣ ከአምስተኛው ደረጃ እስትንፋሱን ብቻ ወስዳ ለማታዋ ታድርገው።

7 ሰዓት ተኝታችሁም ሁልጊዜ እንደደከማችሁ የምትነሡ፣ በእንቅልፍ ልብ በኃይል የምታንኮራፉና ትንፋሽ የሚቆራረጥባችሁ፣ ወይም ጭንቀቱ ለሳምንታት አልለቅ ያላችሁ ከሆነ ግን የልማድ ጉዳይ ላይሆን ይችላል። ሐኪም ጋ ሂዱ።

11. መቼ ይለመዳል?

«ልማድ በ21 ቀን ይያዛል» የሚባለውን እርሱት። ለንደን በሚገኘው ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ፊሊፓ ላሊና ባልደረቦቿ 96 ሰዎችን ተከታትለው ያወጡት፣ እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመው ጥናት አማካዩን 66 ቀን አድርሶታል። ልዩነቱ ግን ሰፊ ነው፤ ከ18 እስከ 254 ቀን። ውሃ እንደ መጠጣት ያለው ቀላል ነገር ቶሎ ይለመዳል፣ ስፖርት ይዘገያል። አንድ ቀን መዝለል ደግሞ ብዙም ጉዳት አላመጣም። መስከረም 1 የጀመረ ሰው 66ኛ ቀኑ ኅዳር 6 ላይ ይውላል። ስለዚህ በጥቅምት መጀመሪያ «አልለመደልኝም» ብሎ መተው ገና በግማሽ መንገድ መመለስ ነው።

በየሁለት ሳምንቱ አንድ ደረጃ ጨምሩ እንጂ አትደራርቡ። በቅደም ተከተልም መሄድ ግዴታ የሚሆነው ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ለቤታችሁ የማይሆነውን ጣሉ፤ ልጅ የሌለው ስምንተኛውን፣ መኪና ያለው ዘጠነኛውን አይፈልገውም። ለመጀመር የሚያስፈልጋችሁ ወጪ የአንድ ጠረጴዛ ሰዓት ዋጋ ነው። ሰዓቱን ነገ ግዙ፤ ለዛሬ ማታ ግን የስልካችሁን የአላርም ድምፅ ከፍ አድርጋችሁ ሳሎን ሰክታችሁት ግቡ።